ኮንቶን፣ ሻንተማ፣ ሃምሳ

ኤረር ትልቅ ከተማ አይደለችም። ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፣ የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ያቋረጣት፣ ፍልውሃዋን ብለው የሚመጡ ወገባቸውን ያመማቸው እንግዶች የማያጡባት ቆላ ናት። ሙቀቱ ጉልበት ስለሚጨርስ ነው መሰለኝ፣ እዚህ ሰው ሲያወራ ቀስ ብሎ ነው። ከቀትር በኋላ ጥላ ስር የተቀመጠ ሰው ሰላምታ ሲመልስ እንኳ ግማሹን በቅንድቡ ይጨርሰዋል። ገበያው ግን ሌላ አገር ሆኗል። ነጋዴው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ፣ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ፣ በማይክ ነው የሚያናግርህ።

መሣሪያውን የማያውቀው የለም። ቁመቱ ከጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጥም። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠልበት ቀበቶ አለው፤ ፊቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይሽከረከራል፤ አናቱ ላይ ድምፅ፣ ቤዝ እና ኢኮ የሚባሉ ቁልፎች ተደርድረዋል። በቶጎ ውጫሌ በኩል ጅግጅጋ ይገባል፣ ከዚያ በየከተማው ይበተናል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «3000 ዋት» ተብሎ ተጽፏል። አብሮት የሚመጣው ቻርጀር ደግሞ 5 ቮልት፣ 1 አምፔር ነው፤ 5 ዋት ማለት ነው። ይህ ቻርጀር ስምንት ሰዓት ሙሉ ተሰክቶ ቢያድር የሚሰጠው ኃይል 40 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። ካርቶኑ እውነቱን ቢሆን ኖሮ ሳጥኑ የሌሊቱን ቀለብ በ48 ሰከንድ ጨርሶ ዝም ይል ነበር። ዝም አለማለቱ የውሸቱ ማስረጃ ነው። እኛም ብንሆን 48 ሰከንዱን እንመርጥ ነበር።

ከሳጥኑ የሚወጣው ድምፅ የነጋዴው የራሱ ነው፤ ዛሬ የተናገረው ግን አይደለም። ጉሮሮው ደህና በነበረበት አንድ ጧት ቀድቶ ሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጦታል። «ኮንቶን! ሻንተማ! ሃምሳ! ኮንቶን! ሻንተማ! ሃምሳ!» በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ ማንም ቅር እንዳይለው በየተራ። ባለቤቱ ጫቱን ሊገዛ ሲሄድ ሳጥኑ ብቻውን ጋሪውን ይጠብቃል። ችግሩ፣ የዋጋ ንረት የሚባለው ነገር ለሳጥኑ አለመድረሱ ነው። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ነጠላ ጫማ አንስተው ዋጋ ሲጠይቁ ያየሁትን ላውራችሁ።

«ሰማንያ ነው፣ ኤዶ።»

«ኮንቶን!» አለ ሳጥኑ።

«ሃምሳ ይላል እኮ።»

«እሱ የድሮ ዋጋ ነው፣ ሳልቀይረው ነው።»

«ሻንተማ!» አለ ሳጥኑ።

ነጋዴው የጫማ ዋጋ መጨመሩን፣ የመኪና ኪራዩን፣ የዶላሩን ነገር ሊያስረዳ ሞከረ። ግን የራሱ ድምፅ የራሱን ድምፅ ዋጠበት። ቢቸግረው ማይኩን አንስቶ በሳጥኑ ውስጥ «ሰማንያ!» ብሎ ጮኸ። ሳጥኑ በዚያው ትንፋሽ «ሃምሳ!» አለው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ማዳመጥ ጀመረ፤ አንድ ሰው ከራሱ ጋር በአደባባይ ሲከራከር በየቀኑ አይገኝማ። ሴትዮዋ ሃምሳዋን ጋሪው ላይ አስቀምጠው፣ «ምስክር አለኝ» ብለው ጫማቸውን ይዘው ሄዱ።

ይህ ሁሉ አንድ ሳጥን ነው። ጎረቤቱ ደግሞ አለ፤ ቲማቲም ሻጩም፣ የስልክ ሽፋን ሻጩም። እነሱም ሳይሰሙ እንዳይቀሩ ከፍ ያለውን ይገዛሉ። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ለነጋዴ አታዝንም፤ ጆሯችን አንድ ድምፅ ከጎረቤቱ እጥፍ መጮኹን እንዲያምን ሁለት እጥፍ ኃይል አይበቃውም፣ አሥር እጥፍ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የቲማቲሙ ሰውዬ ሁለት ሳጥን ደራርቦ «አሁን ተሰማሁ» ሲል፣ ገበያተኛው ያገኘው ለውጥ ትንሽ የባሰ ራስ ምታት ነው። ሕጉስ? ሕጉ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ፤ ለመኖሪያ ሠፈር የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያም ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በጉዳዩ ላይ ስብሰባ ቢጠራ፣ ጥሪው ባጃጅ ላይ በተጫነ ሞንታርቦ እንደሚተላለፍ አልጠራጠርም።

ነገሩ በገበያ ቢቀር ምን ነበረበት። ሰሞኑን ደግሞ ድምፅ ማጉያው እጀታው ውስጥ የተሸጎጠ፣ እንደ አይስክሬም በእጅ የሚያዝ ማይክ መጥቷል። ለካራኦኬ የተሠራ ነው ይላሉ። ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ በርጫ ላይ ስድስት ሆነው፣ ጉልበት ለጉልበት እየተነካኩ በተቀመጡበት ጠባብ ክፍል ሲዞር አይቻለሁ። ማይኩን የያዘ ሰው ብቻ ነው የሚናገረው። ሥርዓት አለው ማለት ነው፤ እንደ ፓርላማ። ልዩነቱ፣ ተረኛው ሐሳቡን ከመጀመሩ በፊት ማይኩን በጣቱ ሦስቴ መታ መታ ያደርግና፣ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» ይላል። ጆሮው ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር የራቀው ጎረቤቱ «ኢኮ ጨምርበት» ይለዋል።

በዚህ ጉዳይ ብቻችንን አለመሆናችን ያጽናናል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ውስጥ ማክስዌል ስትሪት የሚባል የመንገድ ዳር ገበያ ነበር፤ ሻጩ፣ ሰባኪው፣ ዘፋኙ አንድ ላይ የሚጮኹበት። ብሉዝ ተጫዋቾቹም አልሰማ ሲሉ ከየሱቁና ከየቤቱ በገመድ መብራት እየለመኑ ትንንሽ ማጉያ ሰኩ። ከነሱ አንዱ አርሞኒካ ነፊው ሊትል ዎልተር ነው። አርሞኒካ ደረት ኪስ ውስጥ የምትገባ ነገር ናት፤ ከጊታርና ከከበሮ ጋር ስትገናኝ ትጠፋለች። እሱም ርካሹን ማይክ ከአርሞኒካው ጋር አጣብቆ በሁለት መዳፉ ጥርቅም አድርጎ ጨበጠ። ማይኩ ለዚህ ያህል ጉልበት አልተሠራም፤ ትንሿ ማጉያም አልቻለችውም፤ ድምፁ ተሻከረ፣ ወፈረ፣ ሳክስፎን መሰለ። ሌላው ቢሆን ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሻጩ ይመልሰዋል። እሱ ግን ወደደው። በ1952 የቀዳው «ጁክ» የተባለ ሥራ፣ አንድም ቃል ሳይዘፈንበት፣ በአሜሪካ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ላይ ስምንት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። እስካሁን የብሉዝ አርሞኒካ የሚነፉ ሰዎች ትልቅና ጥርት ያለ ማጉያ እያለላቸው ትንሿን፣ ቶሎ የምትሻክረውን የሚፈልጉት ለዚህ ነው። በ1973 ፒግኖዝ የምትባል በባትሪ የምትሠራ፣ የመክፈቻ ቁልፏ የአሳማ አፍንጫ የሚመስል ሳጥን ሲወጣም እንዲሁ ተሻሙባት።

እነሱ ሳጥኑን የወደዱት ለድምፁ ቀለም ነው፤ እኛ ርቀት ፈልገን ገዛነውና ቀለሙን አገኘን። ደግሞም ሰውዬው ወደ ሳጥኑ የሚያስገባው ነገር ነበረው። ይህቺ ትንሽ ነጥብ የእኛ ገበያ ላይ ብዙም አትነሳም።

ሌላም ከሊትል ዎልተር የወሰድነው አለ፣ ሳናውቀው። የሠርግ ኤምሲዎቻችንን ተመልከቱ። ማይኩን ከእጀታው የሚይዝ የለም፤ ጭንቅላቱን በመዳፋቸው ጨብጠው ከንፈራቸው ላይ ይለጥፉታል። የመድረክ ማይክ ከፊቱ ያለውን ብቻ እንዲሰማ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ከኋላና ከጎን የሚመጣውን የሚቀንሰው ደግሞ ወንፊቱ ስር ባሉ ቀዳዳዎች ነው። እነሱን በእጅህ ስትደፍናቸው ዙሪያውን ሁሉ መስማት ይጀምራል፣ አጠገቡ ያለውን ሞንታርቦ ጨምሮ። ያኔ ያፏጫል። ሠርገኛው ጆሮውን ይይዛል። ኤምሲው ይደነግጥና የባሰ አጥብቆ ይጨብጠዋል። እሱም የባሰ ያፏጫል። ዲጄው ከሩቅ በእጁ «ልቀቀው፣ ልቀቀው» ይላል፤ ኤምሲው ግን ምልክቱን «ቀጥል» ብሎ ይተረጉመዋል።

እንዲህ ባለው ሠርግ ላይ ነው አንድ ሽማግሌ ግጥም እንዲያሰሙ የተለመኑት። በሶማሌ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1920 (እ.ኤ.አ.) ኢሚ ላይ የሞተው ሰይድ ሙሐመድ አብዲሌ ሐሰን ግጥሞቹን ሲበትን ማተሚያም ሬዲዮም አልነበረውም፤ አንዱ ሰምቶ ለሌላው በቃሉ እያሻገረ ነው ከውሃ ጉድጓድ ወደ ውሃ ጉድጓድ የተጓዙት። መሣሪያ ሲመጣም የሚጭኑት አላጡም፤ በ1979 እና በ80 ገጣሚዎቹ ሐድራዊና ጋርዬ ያሉበት «ዴሌይ» የተባለ የግጥም ሰንሰለት ከእጅ ወደ እጅ የዞረው በካሴት ነው። እኚህ የሠርጉ አዴር (በሶማሊኛ አጎት) ግን የድሮውን ዘዴ መረጡ። ኤምሲው ማይኩን አገጫቸው ስር ሲደቅነው በበትራቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት።

«ልጄ፣ እኔ ገና አልደከምኩም።»

ቆሙ። ጠበቁ። ሳህን የሚያጋጨው ማጋጨቱን ተወ፤ ልጆቹን እናቶች ያዟቸው፤ የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ከዚያ ጀመሩ፣ ጮክ ሳይሉ። ከድንኳኑ ውጪ ባጃጁ ላይ የተጋደመው ሾፌር ሳይቀር ተነስቶ ተቀመጠ። ሲጨርሱ ጭብጨባው ጋብ እስኪል እንኳ ሳይጠብቅ ኤምሲው ማይኩን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ መሐል ገባ። «አዴር ያሉትን በደንብ ላልሰማችሁ፣ ባጭሩ ላብራራላችሁ» አለና ኢኮውን እስከ ጥግ አዞረው።