ቀስ በቀስ ቬስፓ በጎማው ይሄዳል

ሙሉ አሮጌ ቬስፓ የሚገዛ ገንዘብ ያለው ሰው ነው። እኔ ያለኝ ደመወዝ ስለሆነ፣ ደመወዝ በወጣ ቁጥር አንድ አንድ ዕቃ እየገዛሁ ልገጣጥማት ቆረጥኩ። ባለቤቴ ነገሩ እስኪገባት ጊዜ አልፈጀባትም። «ሰው በሬ አርዶ ቅርጫ ይካፈላል፤ አንተ መደቡን ለቃቅመህ በሬ ልትሠራ ነው?»

መጀመሪያ የተገኘው ቦዲዋ ነው፤ ሚናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ምጣድ ክምር ሥር። ሻጩ የ1960ዎቹ የጣሊያን ሥራ መሆኗን ምሎ ተገዘተ፣ ሊብሬዋንም አወጣ። ወለሏ ግን በዝገት ተበሳስቶ አስፋልቱን ያሳያል። ሌላ ሞተር ቢሆን ቀላል ነበር፤ ቬስፓ ግን ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፣ ላሜራዋ ራሱ አጥንቷ ነው። ባትላሜራው በመዶሻው ጫፍ ነካ ነካ አደረጋትና «ዝገቱን ካነሳሁት የምበይደው ነገር አይኖርም» አለኝ።

ይህን ጣጣ ያመጣብኝ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። ሰውየው የሄሊኮፕተር ሰው ነበር፤ ሞተር ሳይክል አይወድም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፒያጆ ኩባንያ ርካሽ መጓጓዣ ሥራ ሲለው ሰንሰለቱን አስወግዶ ሞተሩን ከኋላ ጎማ አጠገብ ለጠፈው፣ የፊቱንም ጎማ እንደ አውሮፕላን በአንድ ወገን ብቻ አንጠለጠለው። ቬስፓ በ1946 እ.ኤ.አ. ገበያ ወጣች። የማይወዱትን ሥራ መሥራት እንዲህ የሚያምር ነገር የሚያስገኝ ከሆነ፣ የእኔ መሥሪያ ቤት እስካሁን ጨረቃ ላይ መድረስ ነበረበት።

ሞተሩ የመጣው ከህንድ ነው። ባጃጅ ኩባንያ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ይሠራ ነበር፤ ፈቃዱ ካበቃ በኋላ ቼታክ ብሎ ቀጠለ። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ማርሹን በግራ እጁ እየጠመዘዘ ሲያስገባ ያንኑ የቬስፓ ባህል እየፈጸመ ነው፤ ዳስካኒዮ ቢሉት የጁቬንቱስ ተከላካይ ቢመስለውም። ስለዚህ መካኒክ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ባጃጅ የሚጠግነው ልጅ መጣ፣ ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ከዚያ በሐዘኔታ ድምፅ፣ «ፋዘር፣ ሦስተኛ እግሯ የት ሄደ?»

እጁ ግን ወርቅ ነው። ሁለቱን የማርሽ ገመዶች ወጥሮ አላልቶ አስተካከላቸው፣ ፍሪሲዮኑን ፈታ፣ ኩሽኔታውን ቀየረ። የተጣላነው በጎማ ብቻ ነው። የእሷ 3.50-8 ነው፤ እሱ የባጃጅ 4.00-8 ይዞ መጣ። «ስምንት ብለውኛል፣ ስምንት ነው» አለ። እርግጥ ቸርኬው ላይ ልክክ ብሎ ገባ። ከዚያ ወርዱ ከላሜራው ጋር እየተፋተገ ጎማውም ቬስፓዋም አንድ ላይ መጮኽ ጀመሩ። እሱ «ሲያልቅ ይቀጥናል» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ።

ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይቀላቀላል ተባልኩ። ቤት ውስጥ ሚሊ ሊትር የሚያውቅ ዕቃ የልጄ የሳል ሽሮፕ መለኪያ ብቻ ነበር፤ በዚህ የተነሳ እራት ሳልበላ ማደሬን እዚህ ላይ አልዘረዝርም። ካንዴላው ተጠርጎ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ተረግጦ፣ በመጨረሻ ሞተሩ ተነሳ። ጭሱ አጥር ሲሻገር ጎረቤታችን እትዬ እያስነጠሱ ብቅ አሉ። «በርበሬ ስታምሱ ምናለ ብትነግሩን፣ ልብሴን ባላሰጣሁ!»

የቀረው ምርመራ ነው። ቦዲዋ ጣሊያን፣ ሞተሯ ህንድ፣ መብራቷ ከየት እንደሆነ ሻጩም አላወቀም፣ የኋላ ጎማዋ ባጃጅ። ቦሎ ሊሰጠኝ የተቀመጠው ሰው ሊብሬውን ገለጠ፣ ወጥቶ አያት፣ ተመልሶ ሊብሬውን አየ፣ ደግሞ ወጣ።

«ሞዴሏ ስንት ነው?» አለኝ ብዕሩን አንስቶ።

«ከፊት በኩል ነው ከኋላ?»