ትንሽ ናት ያሉኝ አገር

ሰው ሊያታልልህ ሲፈልግ አገር ያሳንስልሃል። ልጄ የሱሪናም ልጅ አግብታ፣ "አባዬ፣ የባሌን ዘመዶች ሳታያቸው ልትቀር ነው?" እያለች ስትነዘንዘኝ መደምደሚያዋ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "ትንሽ አገር እኮ ናት፤ ከደቡብ አሜሪካ ሁሉ ትንሿ! ሳይደክምህ ዞረህ ትጨርሳታለህ።"

ውሸት ቢሆን ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። ግን እውነት ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ ነፃ አገሮች በስፋትም በሕዝብ ብዛትም የመጨረሻዋ ሱሪናም ናት። የቸገረኝ "ትንሽ" ማለት ለማን ነው የሚለው ነው። ስፋቷ 163,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። እኔ ጡረታዬን የምበላባት ሆላንድ አራት ጊዜ ብትደረደር ነው እሷን የምትሆነው። ሕዝቧ ከስድስት መቶ ሺህ ብዙም የማይዘል ሲሆን፣ አብዛኛው ፓራማሪቦ በምትባለው ዋና ከተማና ዙሪያዋ ተጠጋግቶ ይኖራል። የቀረው ጫካ ነው። ጫካ ስላችሁ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ እንዳይመስላችሁ፤ ከአገሪቱ ከመቶ ዘጠና እጁን የሸፈነ፣ መንገድ ጫፉን ነክቶ የሚመለስበት ጫካ ነው። ካርታውን የሠራው ሰውዬ በወገቡ አልሄደባትም።

የመሄጃው በር አምስተርዳም ነው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ "የኛው አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ይሄድ የለም እንዴ? በሱ አትሄድም?" አለኝ። ሁለቱም ደቡብ አሜሪካ ስለሆኑ አንዱ ካንዱ በታክሲ የሚደረስ መስሎታል። ሳኦ ፓውሎ ከወረድኩ በኋላ ብራዚልን ከታች ወደ ላይ ማቋረጥ እንደሚቀረኝ ባስረዳው፣ "ትንሽ አገር ናት አላሉህም?" አለኝ። ወሬው እዚያም ደርሷል ማለት ነው።

ከአምስተርዳም ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይበረራል። ከታች ያለው አትላንቲክ ነው፤ አንዴ ካዩት አዩት፣ ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም። መንገደኛው ግን ጉድ ነው። ሱሪናም እ.ኤ.አ. በ1975 ከሆላንድ ነፃ ስትወጣ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ከሕዝቧ ሲሶ ገደማው ጓዙን ጠቅልሎ ሆላንድ ገብቷል። ስለዚህ አውሮፕላኑን የሚሞላው አገር ጎብኚ ሳይሆን አክስቱን፣ የአክስቱን ልጅ፣ የአክስቱን ልጅ አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ዘመድ ነው። በሻንጣ ሚዛን የሚበልጠን የለም የምንል ሐበሾች እዚያ ሰልፍ ላይ ቆመን ብንማር ይሻላል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ክብ የሆላንድ አይብ ጭናቸው ላይ አቅፈው፣ ሳይበሉትም ሳያስቀምጡትም ዘጠኙን ሰዓት ዘለቁ። አስተናጋጇ "ከላይ ላስቀምጥልዎት?" ብትላቸው በዓይናቸው መለሷት።

አውሮፕላን ማረፊያው ዛንደራይ ይባላል፤ ከዋና ከተማው 45 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አገሩ ትንሽ ከሆነ ከከተማው ይህን ያህል መራቅ ምን የሚሉት ነው? ከበሩ ብቅ ስል ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ መነጽሬ ደመነ፣ ሸሚዜ ገላዬ ላይ ተለጠፈ።

ከዚያ መኪና። አማቼ ከአማርኛ የሚያውቀው ጥቂት ቃል ነው፤ ከነዚያ አንዱ "አይዞህ" ነው። ለአማት "አይዞዎት" እንደሚባል ልጄ አላስተማረችውም፤ እኔም ጊዜው ስላልሆነ ዝም አልኩ። ጊዜው ያልሆነበት ምክንያት ልጁ በግራ በኩል መንዳቱ ነው። ሆላንዶች በቀኝ ይነዳሉ፤ ሦስት መቶ ዓመት የገዟቸው ሱሪናሞች በግራ ይነዳሉ። ይህ ልጅ ትናንት አምስተርዳም በቀኝ ሲከንፍ የነበረ ነው። ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ እኛ ላይ የሚመጣ እየመሰለኝ፣ የሌለ ፍሬን ስረግጥ ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። "አይዞህ" ይለኛል።

በመንገዳችን ሌሊዶርፕ የሚባል ከተማ አለፍን። እኔ የምኖረው ሌሊስታድ ነው። ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ኮርኔሊስ ሌሊ ከሚባል አንድ መሐንዲስ ነው። ሆላንድ ውስጥ ባሕሩን በግድብ ዘግቶ መሬት የማድረጉን ንድፍ ያወጣው እሱ ነው፤ የኔ ሳሎን ያረፈበት ቦታ ድሮ ዓሣ ይዋኝበት ነበር። ይኸው ሰው ከ1902 እስከ 1905 የሱሪናም ገዥ ነበር። ወርቅ አለ ተብሎ ወደ ላዋ ወንዝ የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ አስጀመረ። ሥራው በ1912 ሲያበቃ ሐዲዱ 173 ኪሎ ሜትር ሄዶ ቆመ፤ ወርቁ እንደታሰበው አልሆነም፣ ባቡሩም ላዋን ሳያይ ቀረ። መሐል መንገድ ላይ የሱሪናም ወንዝ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ድልድይ የለም፤ ሰውና ዕቃ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ይሻገርና ማዶ ሌላ ባቡር ይሳፈራል። አሁን ያ ሁሉ የለም። በ1964 ለአሉሚኒየም ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል ተብሎ የአፎባካ ግድብ ተዘጋና ውኃው መንደሮችንም የሐዲዱንም ከፊል አብሮ ዋጠ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሳ። እስከ ዛሬ የደረቁ ግንዶች ከሐይቁ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። ያው ሰውዬ እኔ ጋ ከባሕር መሬት አወጣ፣ እዚህ የዘረጋው ሐዲድ ውኃ ውስጥ ገባ። ባቡር ወዳድ ሰው ነኝና ይህን እንደ ግል በደል ቆጥሬዋለሁ።

ፓራማሪቦን ውበቷን አልነፍጋትም። ዩኔስኮ በ2002 የመዘገባቸው የእንጨት ቤቶቿ ነጭ ተቀብተው ቆመዋል፤ ካይዘር መንገድ ላይ መስጊዱና የአይሁድ ምኩራቡ አጥር ለአጥር ተጎራብተዋል። ይህን በእግሬ አየሁ፤ በእግር የሚታይ ነገር ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ አውቶቡስ ላይ ይጀምራል።

አውቶቡሶቹ አብዛኞቹ የግል ናቸው፤ ሰዓት የላቸውም፣ ሲሞሉ ይነሳሉ። ይህንን ለማየት ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልገኝም ነበር፤ አውቶቡስ ተራ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጎናቸው ላይ በቀለም የተሳለ ሰው አለ፦ የህንድ ፊልም ተዋናይ፣ ዘፋኝ፣ ፖለቲከኛ። እኛ ፊት የቆመው ፀጉሯን የዘረገፈች ተዋናይት የተሳለችበት ነበር፤ ባለቤቴ "ሌላ እንጠብቅ" አለች። የሚቀጥለው ፖለቲከኛ ተስሎበት ስለመጣ ወደ ተዋናይቷ ተመለስን። ወንበሩ ሲሞላ መተላለፊያው ላይ ተጣጣፊ ወንበር ይዘረጋል፤ ከኋላ ያለ ሰው ሊወርድ ሲል ግማሹ አውቶቡስ ተነስቶ ይቀመጣል። እኔ በዚህ ዓይነት ስንቴ እንደተነሳሁ ጉልበቴን ጠይቁት።

ከዚያ አንድ ጎልማሳ በትንሽ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ወፍ ይዞ ገባ። ጥቁር፣ ምንቃሯ ወፍራም የሆነ ወፍ ናት፤ ትዋትዋ ይሏታል። በሱሪናም ወንዶች ዘንድ ዘፋኝ ወፍ ክብር ነው፤ እሑድ ጠዋት በቤተ መንግሥቱ ፊት ባለው አደባባይ ያወዳድሯቸዋል፤ በተወሰነው ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደዘፈነች እየቆጠሩ በሰሌዳ ላይ ያሰፍራሉ። ሰውየው ጎጆውን መስኮቱ ሥር አንድ ሙሉ ወንበር ላይ አስቀመጠና ለነፋሱ በጨርቅ ከለላት። ለእኔ ተጣጣፊው ደረሰኝ። መንገዱን ሙሉ ትንፍሽ አላለችም። ለእሑድ ድምጿን ትቆጥባለች አሉኝ።

በ1667 በብሬዳ ውል ሆላንዶች የዛሬዋን ኒው ዮርክ፣ ያኔ ኒው አምስተርዳም ይሏት የነበረችውን፣ ለእንግሊዝ ትተው ሱሪናምን ይዘው ቀሩ። የሸንኮራ አገዳው ጥቅም ታይቷቸው ነው ይላሉ ታሪክ አዋቂዎቹ። ከፈራሚዎቹ አንዱ እንኳ በዚህ አውቶቡስ ተሳፍሮ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ደግሞ የአማቼ አያት መንደር አለ። አያቱ ሳራማካ ከሚባለው ሕዝብ ናቸው። ከከተማው ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ያህል ተነድቶ አትዮኒ ላይ አስፋልቱ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወንዙ ነው። ወንዙ ዳር ኮርያል የሚሉት ረጅም፣ ጠባብ፣ ሞተር የተገጠመለት የእንጨት ጀልባ ተደርድሯል። መጀመሪያ ሩዝ ተጫነ። ቀጥሎ የጋዝ ሲሊንደር፣ ፍራሽ፣ የቤንዚን በርሜል፣ አንድ ፍሪጅ። ቀጥሎ ሰው። ቀጥሎ እኔ። ወንበር የሚሉት ጣውላ ነው፤ ጀርባ ያለው ሰው ጀርባውን የት እንደሚያደርገው አልታሰበበትም።

አንዱ ከኋላ ሞተሩን ይይዛል፤ ሌላው ከፊት ረጅም እንጨት ይዞ ይቆማል። ከፊት ያለው ወጣት ዓይኑን ከውኃው አይነቅልም። ሱላ የሚሉት አለ፤ ውኃው በድንጋዮች መሐል እየተምዘገዘገ የሚወርድበት ቦታ ነው። እዚያ ሲደርሱ ልጁ ሳይናገር እጁን ግራ ወይም ቀኝ ያሳያል፣ ከኋላ ያለው ይታዘዛል፣ ድንጋዩ በአንድ ስንዝር ያልፈናል። በጋ ነበርና ውኃው አንሷል፤ አንድ ቦታ ላይ "ውረዱ" ተባለ። ወረድን። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ደቡብ አሜሪካ ወንዝ ውስጥ ጀልባ ገፋሁ። ፍሪጁ ግን አልወረደም።

መሽቶ መንደሩ ስንደርስ፣ "ምነው ከዚህ ሁሉ መሬት እዚህ ሰፈራችሁ?" ብዬ ሽማግሌዎቹን በአማቼ አፍ ጠየቅኩ። ሳቁብኝ። አባቶቻቸው ከባሕሩ ዳር የእርሻ ባርነት አምልጠው የወጡ ናቸው፤ ከሱላዎቹ በላይ የሰፈሩት የሆላንድ ወታደር በጀልባ እንዳይደርስባቸው ብለው ነው። አልደረሰባቸውምም። በ1762 ሆላንዶች ራሳቸው ተቸግረው የሰላም ውል ፈረሙላቸው፤ በሱሪናም ባርነት በሕግ የቀረው በ1863፣ ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ስሰማ ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ ነሳሁ። መንገዱ የከፋው እንዲከፋ ተፈልጎ ነው፤ ደግም አደረጉ። ግን ለወታደሩ የታሰበው መሰናክል የኔን ወገብ የሚቀጣው ምን አድርጎት ነው?

እራት ላይ ማዳም ዣኔት የሚሉት ቢጫ ቃሪያ ቀረበ። ከሌሊስታድ የያዝኩትን ሚጥሚጣ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ተውኩት።

ስመለስ በጀልባ አልሄድም ብዬ አመፅኩ። "እንግዲያው በአውሮፕላን" አሉ። ጫካው ውስጥ እዚህም እዚያም ማረፊያ ሜዳ አለ፤ ከ1959 ጀምሮ ማዕድን ፍለጋ "የፌንጣ ዘመቻ" ብለው የቆረጧቸው አሉበት። አውሮፕላኗ ባለ አንድ ሞተር ናት፤ ሻንጣው ይመዘናል፣ ሰውም ይመዘናል። ባለቤቴ ሚዛኑን አይታ፣ "እኔ ዕቃ ነኝ?" አለች። አብራሪው በትሕትና፣ ለደኅንነት እንደሆነ አስረዳ። እሷም በትሕትና፣ ከሠርጓ ወዲህ ማንም እንዳልመዘናት አስረዳች። በመጨረሻ ሁላችንም ፊታችንን አዙረን ወጣችበት። አብራሪው ቁጥሩን ጻፈ፤ ቀና ብሎ እኔን አየና ከፊት ወደ ኋላ አዛወረኝ። ሚዛን ለማስተካከል ነው አለ። ስንት ብትመዝን ነው ብዬ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ልጄ "ጎረቤት አገር ሳናይ?" አለች። ሱሪናም ሦስት ጎረቤት አላት፤ ከአንዳቸውም ጋር የሚያገናኝ ድልድይ የላትም። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጉያና፣ በኮራንታይን ወንዝ ላይ ጀልባ ነው። ወደ ደቡብ፣ ወደ ብራዚል፣ መንገድም የለ። ወደ ምሥራቅ ግን በ2000 የተከፈተውን የፓራማሪቦን ትልቅ ድልድይ ተሻግሮ በአስፋልት አልቢና ይደረሳል፤ ከዚያ የማሮዋይኔ ወንዝ ነው፤ ማዶ የሚታየው ሴንት ሎራን፣ ፈረንሳይ ጉያና። ሕጉ የፈረንሳይ፣ ገንዘቡ ዩሮ። "ፓፒዮን" የሚለውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ ከፈረንሳይ በመርከብ የሚጋዙ እስረኞች የሚራገፉት እዚያ ነበር። ባለታሪኩ ከዚያ ለማምለጥ ያየውን አሳር ወጣት ሆኜ ስንት ሌሊት አንብቤ፣ አሁን በዕድሜዬ ከፍለህ ግባ እባላለሁ።

ባለጀልባዎቹ ሻንጣችንን ይጎትታሉ፤ አንዱ ካንዱ እየነጠቀ። እናቶች ዘንቢል ይዘው ይሻገራሉ፣ ገዝተው ይመለሳሉ። የኛ ልጆች ሰሃራንና ሜዲትራኒያንን ነፍሳቸውን አስይዘው የሚሻገሩላት የአውሮፓ ኅብረት እዚህ በሞተር ጀልባ የደቂቃዎች መንገድ ናት። ለልጄ ይህን ልነግራት ስል እሷ ቀደመችኝ።

"አባዬ ና እንጂ፣ ማዶው እኮ አውሮፓ ነው!"

"ከየት የመጣሁ መሰለሽ? ዘጠኝ ሰዓት የበረርኩት አውሮፓ ለመግባት ነው?"

"ለፎቶ ብቻ።"

"እናንተ ሂዱ። እኔ እዚህ ዛፍ ሥር ሆኜ ዕቃውንና ፓስፖርቱን እጠብቃለሁ።"

"ፓስፖርቱ እኮ ለመሻገር ነው የሚያስፈልገው።"

"እንግዲያው ዕቃውን ተዉልኝ።"

ዕቃው ግን ተጭኗል፤ ባለቤቴም የፊተኛውን ጣውላ ይዛለች። ባለጀልባው አንድ እግሩን ጭቃው ላይ፣ አንድ እግሩን ጀልባው ላይ አድርጎ፣ የኔን ሒሳብ በዩሮ ይጠይቀኛል።