ታክሲ ውስጥ የቀረው ክላሰር

ሰኞ፣ ሐምሌ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.። አክስቴ ካዛንቺስ ካለችው ምሳ ቤቷ ጓዳ ገብታ 6,400 ብር በላስቲክ አስራ አመጣችና «ነገ ያበቃል፤ ዛሬውኑ ክፈልልኝ የኔ ልጅ» አለችኝ። ያን ጊዜ ደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ነበረች። እንደ እሷ ያለው ነጋዴ የዓመቱን ግብር ይከፍል የነበረው ከሐምሌ 1 እስከ 30 ባለው ጊዜ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ቅጣትና ወለድ ይጨመርበት ነበር። ከብሩ ጋር አንድ ሰማያዊ ክላሰር አስያዘችኝ። ንግድ ፈቃዷ፣ የቲን ወረቀቷ፣ የየዓመቱ ደረሰኟ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። እግሯን ስላመማት እንጂ ይህን ክላሰር ለሰው አትሰጥም።

ብሩን ደረት ኪሴ ከትቼ፣ ክላሰሩን በብብቴ ይዤ ታክሲ ገባሁ። የሐምሌ ዝናብ ጣሪያውን ይደበድባል። ሦስተኛው ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣበን ስለነበር ክላሰሩን በወንበሩና በመስኮቱ መካከል ሸጎጥኩት። መስቀል አደባባይ ስንደርስ «ወራጅ!» ብዬ ከዣንጥላዬ ጋር እየታገልኩ ወረድኩ። ብብቴ ባዶ መሆኑ የታወቀኝ ታክሲው ወደ ቦሌ መንገድ ከታጠፈ በኋላ ነው። ሮጥኩ፤ አልደረስኩበትም። ታርጋውንም አላየሁትም።

ተራ አስከባሪውን ለመንኩት። ወጣት ነው፤ ውሃ የማያስገባ ካፖርት ለብሶ ዝናቡን ከቁብ አልቆጠረውም። «ጋሼ፣ ታርጋ ከሌለ ምን ልበልህ? የካዛንቺስ ታክሲ ከሆነ ግን ዞሮ ዞሮ ይመጣል። እዚሁ ጠብቅ» አለኝ። ጠበቅሁ። ከከተማው ቀላል ባቡር ድልድይ ሥር ተጠልዬ፣ ከካዛንቺስ በኩል የሚመጣውን ሚኒባስ ሁሉ አንድ በአንድ እያየሁ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆምኩ።

ግብር ይዤ ቆሜ ዙሪያዬን ሳይ፣ ከራሴ በላይ ያለው ባቡር ራሱ የመንግሥት ወጪ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ 85 በመቶው ከቻይናው ኤክሲም ባንክ የተበደርነው ነው። ልክ ከሳምንት በፊት፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ነበር። አንድ ዶላር በዚያው ዕለት ከ57 ብር ወደ 74 ብር ግድም ዘለለ፤ ከዚያ በኋላም አልቆመም። የውጭ ዕዳችን በዶላር አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር በብር ሲሰላ ያን ሰሞን በየማለዳው ከብዶ ይገኝ ነበር። ይህን ዕዳ በብር የሚከፍለው ማን ነው? ደረት ኪሴን ዳበስኩ። አክስቴ ናት፤ እኔም ነኝ።

አደባባዩም እንዲሁ ነው። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ሰልፍ ሲወጣበት የኖረው ሜዳ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲመረቅ፣ እስከ ማዘጋጃ ቤት ከሚደርሰው መንገድ ጋር ከ2.5 ቢሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት ተነግሯል። ከመሬት በታች 1,400 መኪና የሚያቆም ቦታ አለው። ይህ ገንዘብ ባከነ ለማለት አልቸኩልም። ማለዳ ማለዳ እዚያ ደረጃ ላይ ሲሮጥ የማየውን ወጣት ብዛት አውቃለሁ፤ ለመስቀል ደመራም ለኢሬቻም የሚሰበሰበው ሕዝብ የሚቆምበት ያማረ ቦታ ይገባዋል።

ዝናቡ ጋብ ሲል ከአጠገቤ ሁለት የቀን ሠራተኞች ቁጭ አሉ። የኮሪደር ልማቱ ያን ጊዜ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ቦሌ ይዘረጋ ነበርና የእግረኛ መንገድ ንጣፍ አንጣፊዎች ናቸው። ምሳ የት እንደሚበሉ ጠየቅኋቸው። «ካዛንቺስ፤ አንዲት እናት ጋ። ሽሮዋ ጥሩ ነው፤ ስናጣም በዱቤ ትሰጠናለች» አለ አንደኛው። የነገረኝ ምልክት ሁሉ የአክስቴ ቤት ነው።

ያን ጊዜ ከኪሴ ያለውን ብር አውጥቼ አየሁት። በርበሬ በርበሬ ይሸታል። አንዱ ባለ 50 ብር ጥግ ላይ የደረቀ ሽሮ አለበት። ይህ ብር ምናልባት ባለፈው ወር ከዚህ ሰውዬ እጅ የወጣ ነው። እሱ ከተቋራጩ ተቀበለ፣ ተቋራጩ ከከተማ አስተዳደሩ ተቀበለ፣ አስተዳደሩ ከግብር ከፋዩ ሰበሰበ፤ እሱም ሽሮ በላበት፤ አክስቴ በከፊሉ ጤፍና ዘይት ገዛች፣ በከፊሉ ለእንጀራ ጋጋሪዋ ደመወዝ ከፈለች፤ የተረፈው ይኸው እኔ ዘንድ ነው፤ ተመልሶ ወደ መንግሥት ካዝና ሊገባ። እንግሊዛዊው ኬይንስ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት የጻፈው ነገር ይህንኑ ነው፦ መንግሥት ያወጣት አንዲት ብር የአንዱ ገቢ ትሆናለች፤ እሱ ሲያወጣት ደግሞ የሌላው ገቢ ትሆናለች፤ ስትዞር ስትዞር ከመጀመሪያው ወጪ የሚበልጥ ሥራ ትሠራለች።

ነገር ግን ሁሉም ብር በካዛንቺስ በኩል አይዞርም። ለንጣፉ የተከፈለው የጉልበት ዋጋ ሽሮ ቤት ይገባል። ብረቱ፣ የመብራቱ ዕቃ፣ የቁፋሮው ማሽንና ነዳጁ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነውና ለእነሱ የሚከፈለው ብር ዶላር ሆኖ ይሄዳል፤ አገር ውስጥ አንድ ዙር እንኳ ሳይዞር። ስለዚህ «ፕሮጀክቱ ይህን ያህል ቢሊዮን ፈጀ» ሲባል የምጠይቀው ስንቱ እዚሁ ዞረ ብዬ ነው። ይህን ጥያቄ ከስንት ባለሙያ መጽሐፍ ይልቅ ያስተማረኝ ያ ሽሮ የነካው 50 ብር ነው።

ካዛንቺስ ራሷ ከመንግሥት ወጪ የተወለደች ሰፈር መሆኗን ብዙ ሰው አያውቅም። ስሟ የመጣው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም ያስገነባቸው ቤቶች ማለት ነው። ከዚያ በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በአገሪቱ ገንዘብ ያስገነቡት አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያ አንድ ወጪ ዙሪያ ስንት ሆቴል፣ ስንት ቡና ቤት፣ ስንት ልብስ ሰፊና ስንት ታክሲ በላ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰፈሩ ይሞቃል። የአክስቴ ምሳ ቤትም ከዚያ ሙቀት የተረፈ ፍም ነው። የመንግሥት ወጪ ፍሬ ያፈራል ወይ ለሚለኝ ሰው ካዛንቺስን አሳየው ነበር።

ታክሲው አልመጣም። መሽቶ በእግሬ ወደ ካዛንቺስ ሽቅብ ስወጣ አክስቴን ምን እላታለሁ እያልኩ ነበር።

እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ወረፋ አልይዝም፤ ግብሬ እጄ ሳይገባ ይቆረጣል። እዚህ ላይ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ10,900 ብር በላይ ያለውን ደመወዝ 35 በመቶ ይቆርጥበት ነበር። ያን ጊዜ 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ይጠጋል፤ የደህና ሰው ደመወዝ ነው። ከዚያ ኑሮ ተወደደ፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። አሠሪው ለኑሮው ማካካሻ ጥቂት ሲጨምርልን ጭማሪው ወደ ላይኛው እርከን እየገፋን፣ ጤፍ መግዛት ያቃተው ሰው በሀብታም ምጣኔ ግብር ከፈለ። ከግብር ነፃ የነበረው የመጀመሪያው 600 ብርም ለዘጠኝ ዓመት ባለበት ቆመ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሽሎ ነፃው ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ የ35 በመቶው እርከንም ከ14,000 ብር በላይ ሆነ። ደግ ነው። ነገር ግን 14,000 ብር ዛሬ 100 ዶላር አይሞላም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት መንግሥት በግብር የሰበሰበው በ2015 ዓ.ም. 7 በመቶ ግድም ነበር፤ ከዚያ አሥር ዓመት በፊት 12 በመቶ ገደማ ነበር። የሚያዘው በቀላሉ የሚገኘው ነው፦ የደመወዝ መዝገብ ላይ ያለው፣ ካዛንቺስ በሩን ከፍቶ የተቀመጠው። ጎድሎ የቀረውን መንግሥት ለዓመታት ከብሔራዊ ባንክ በመበደር ሞላው፤ ብሩ በዛ፣ ዕቃው አልበዛም፣ ዋጋ ወጣ። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ የመንግሥት ሰነድ እንዲገዙበት ይገደዱ ነበር። አክስቴ ምጣዷን በኤሌክትሪክ ለመቀየር ብድር ጠይቃ ያጣችው በእነዚያ ዓመታት ነው። በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ ነገር ግን ባንኩ ሊያበድር ከሚችለው ላይ መንግሥት ቀድሞ ሲወስድ የምጣድ ብድር ወረፋው ይረዝማል።

ቤት ስደርስ የሆነውን ነገርኳት። አልጮኸችም። ቁጭ አለችና የ2009ን ሐምሌ አነሳች፤ «የቀን ገቢ ግምት» የተባለው መጥቶ ነጋዴው ሱቅ የዘጋበትን፣ አምቦና ወሊሶ የታወኩበትን። እሷንም ቀናት ሳይሆን ደቂቃዎች አይተው ነው የገመቷት። ቀጥላ የአባቷን ነገር አመጣች፤ ጎጃሜ ናቸው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ሞጣና ዳሞት አልገብርም ብለው ተነሡ፤ ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻ ገዢው ከቦታቸው ተነሡና ውዝፉ ግብር ተማረ። «አባቴ መገበር አልጠላም፤ ሲገብር ነው የኖረው። ለምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነው ያጣው» አለችኝ። ከዚያ ቡና አፈላች።

በማግስቱ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ካዛንቺስ ታክሲ ተራ ቆምኩ። ከአራተኛው ሚኒባስ መስኮት አንድ ልጅ አንገቱን አወጣ፤ ሰማያዊው ክላሰር እጁ ላይ ነው። «ወረቀት ብቻ ነው ብዬ ልጥለው ነበር፤ የሴትዮዋን ጉርድ ፎቶ ሳይ ግን እናቴን መሰለችኝ» አለ። የሻይ ብሰጠው አልቀበልም ብሎ ስንት ታገልን። ሐምሌ 30 ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ 6,400ው ብር ተከፈለ፤ ደረሰኙን ክላሰሩ ውስጥ ከተትኩ፤ መልሼ እጇ ላይ እስካስቀምጥ ድረስ ከደረቴ አላራቅሁትም።

በመስከረምና በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኮሪደሩ ካዛንቺስ ገባ። የአክስቴ ቤት የቀበሌ ነበርና ምትክ ቤት ገላን ጉራ ደረሳት። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ውሃ አለው፤ መጸዳጃው የጋራ አይደለም። ይህን እሷም አትክድም። ምሳ የሚበላ ሰው ግን እዚያ አልነበረም። ቤት ተተካላት፤ ደንበኞቿን፣ ዱቤ የሚበሉትን አንጣፊዎች፣ የቢሮ ጥበቃዎቹን፣ እንግዳ አምጪዎቹን ደላላዎች የሚተካ የበጀት መደብ የለም። በጀት ሲጻፍ የሚፈርሰው ቤት ይቆጠራል፤ የሚፈርሰው ገበያም እንዲቆጠር ነው የምለምነው። የ2017 የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ጸደቀ፤ የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ። ከዚህ ውስጥ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የስድስት ወር መቋቋሚያ መመደብ አገር አያከስርም፤ ገንዘቡ ተመልሶ ግብር ሆኖ ይመጣልና።

ስድስት ወር ሞከረች፤ ቡና ብቻ ሸጠች፤ አልሆነም። ንግድ ፈቃድ ለመመለስ ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ ለክሊራንሱ ደግሞ የ2016ቱ ደረሰኝ ተጠየቀ። ከሰማያዊው ክላሰር አውጥተን ሰጠን። ዕዳ የለባትም ተብሎ ተጻፈላት። ከእንግዲህ ሐምሌ ሲመጣ የምትከፍለው ግብር የለም።