ማንበብ ለማይችሉ የተጻፈ ማስታወቂያ

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮም ሸለመው። በመንዝ ደጋ፣ ርስት ሲሟገቱ እስከ አቅኚ አባታቸው ትውልድ በቃላቸው ይቆጥሩ የነበሩ አዛውንት ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ‹‹ሀ ሁ›› አሉ። ኋላ የመጣው ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሚቀበለው ከ15 እስከ 60 ዓመት ያሉትን ነው፤ የዕድሜ ልክ ትምህርትም ስድሳ ሲሞላው ጡረታ ይወጣል ማለት ነው። የምዝገባው ማስታወቂያ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፋል፤ ያውም በጽሑፍ። ፊደል ያልቆጠሩት ተመዝጋቢዎች ባናቸውን ደርበው ከፊቱ ይቆሙና የልጅ ልጃቸውን ያስነብቡታል። የዕለቱ ትምህርት ስለ ገብስ አዘራር ከሆነማ ማስታወሻ መያዝ ያለበት መምህሩ ነው። ማስታወቂያውን ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ በአፍ መናገር ግን ወረቀትም ሙጫም አይፈጅም።