ሰደፍ መራጮች በቂርያት ሞሼ

እስራኤል ውስጥ፣ ሬሖቮት ከተማ፣ ቂርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከሰዓት በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡትን አባቶች ወሬ ያዳመጠ እንግዳ ሌሊቱን ተነሥተው ቆላ ሊወርዱ ይመስለዋል። ጠመንጃ ያለው አንድም የለም። ያላቸው የአውቶቡስ ካርድና የስኳር መድኃኒት ነው። ክርክሩ ግን ያው ነው፦ ለአደን ጠመንጃ ደኅናው ሰደፍ የቱ ነው? እንጨት፣ ድርብርብ ወይስ ፕላስቲክ?

አጎቴ የእንጨት ወገን ናቸው። አርማጭሆ ሳሉ የያዙት ምንሽር ሰደፉ ቅቤ እየጠጣ፣ የእጅ ላብ እየወለወለው ጠቁሮ ፊት ያሳይ ነበር ይላሉ። ቢሰነጠቅ የአገር ቤት አናጢ ከዋንዛ ጠርቦ ይተካዋል። «ፕላስቲክ ቢሰበር ማን ይጠርብልሃል?» ብለው ሲጠይቁ መልስ አይጠብቁም።

የእንጨት ነውሩ እርጥበት ነው። ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ያበጠው እንጨት አፈሙዙን ከጎን ገፋ ካደረገው ጥይቱ ካነጣጠሩበት ፈቀቅ ብሎ ያርፋል። ይህን ባስረዳኋቸው ጊዜ አጎቴ ፊታቸው በራ። አርማጭሆ ላይ የሳቱት ከርከሮ ሁሉ በዚያች ደቂቃ በዝናቡ ተመካኘ። ሰማይ ጠርቶ በዋለበት በጥር የሳቱት ሳይቀር!

እኔ እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ሰደፍን የምመዝነው በዚህ ነው፦ አዳኙ ሲስት ጥፋቱን የሚሸከምለት የትኛው ነው?

ድርብርቡ መካከለኛ ነው። ስስ የእንጨት ንጣፎች በሙጫ ተደራርበው በኃይል ተጨምቀው ይሠራል፤ እርጥበት ብዙም አይበግረውም፣ ክብደቱ ግን ትከሻ ያጎብጣል። ጀርመኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ ለማውዘራቸው ይህንኑ ይዘዋል፤ የዋልነት እንጨት ደርቆ ለሥራ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፣ ጦርነት ደግሞ አይጠብቅም። የጀርመን ማውዘር በ1948 በቼኮስሎቫኪያ በኩል ለአዲሲቱ እስራኤል ጦር ደርሷል፤ ታሪክ እንዲህም ይቀልዳል። አጎቴ ግን ድርብርቡን አይተው «ኮምፔንሳቶ!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ቁም ሣጥን ተሸክሞ አደን መውጣት አይዋጥላቸውም። ቢሆንም «ከበደኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ» ለማለት ያመቻል፤ ግማሽ ሰበብ አለው።

የፕላስቲኩ ዘር ከ1959 ይጀምራል ማለት ይቻላል፤ የአሜሪካው ሬሚንግተን በዚያ ዓመት ሰደፉ የናይሎን የሆነ «ናይሎን 66» የተባለ ጠመንጃ ለገበያ አወጣ። ዝናብ አያሳብጠው፣ ፀሐይ አያጣምመው፣ ቅቤ አይጠይቅ። ርካሹ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቁጥቋጦ ሲነካው እንደ ጀሪካን ይጮኻል እንጂ በአየር ጠባይ የሚያመካኙበት ነውር የለውም። ችግሩም ይኸው ነው። የእኅቴ ልጅ ወታደር ነው፤ ለእረፍት ሲመጣ ታቮር የሚባል ፕላስቲክ የለበሰ ጠመንጃ አንግቶ ይገባል። ኢላማ ተኩስ ላይ ስቼ ነበር ቢል አጎቴ ጠመንጃውን ገልብጠው፣ አሽትተው፣ አንኳኩተው፣ የሚያመካኙለት ቢያጡ «በል እንግዲህ አንተው ነህ» አሉት።

በነገራችን ላይ፣ ሬሖቮት ራሷ የጥይት አገር ናት። የአያሎን ተቋም የሚባለው ከ1945 እስከ 1948 በኪቡጽ ኮረብታ ከልብስ ማጠቢያና ከዳቦ መጋገሪያ ሥር ተደብቆ ከ2 ሚሊዮን በላይ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ሠርቷል። ሠራተኞቹ ከመሬት በታች ውለው እንዳይገረጡ በመብራት ቆዳቸውን ያጠይሙ ነበር። ጥይቱ ስቴን ለሚባለው ጠመንጃ ነው፤ የስቴን ሰደፍ ደግሞ ብረት። አጎቴ ዛሬ ሙዚየም የሆነውን ይህን ተቋም ጎብኝተው ሲመለሱ «ብረት ጉንጭ ላይ? በብርድ?» ከማለት ሌላ አስተያየት አልሰጡም።

አንድ ቀን የእኛ የቤተ እስራኤሎች ቄስ ክርክሩን ሰምተው ቆሙ። እዚህ አገር አደን በ1955 በወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ የታጠረ መሆኑን አስታወሱ፤ በጥይት የወደቀ ሥጋ በሕጋችን እንደማይበላ፣ ከርከሮ ደግሞ በቢላም ቢታረድ እንደማይበላ ጨመሩ። «ታዲያ አንቱ በየትኛው ሰደፍ ምንን ሊተኩሱ ነው?»

አጎቴ ከዘራቸውን አስተካከሉ። «ኧረ ማን ሊተኩስ፣ ቄስ! ገና ምርጫው መቼ አለቀና?»