የሐይቅ እይታ ያለው ቤት

ፈረንጅ ጡረታ ሲወጣ ካርታ ይዘረጋል። ሙቀት ያለው፣ ኑሮው የረከሰ፣ ባሕር ዳርቻ ያለው ከተማ ይመርጥና ሻንጣውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ሞምባሳን ጀርመን፣ የስፔንን ዳርቻ እንግሊዝ ሰፍሮበታል። እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም። ጡረታ ስንወጣ የምንዘረጋው የእድር ደብተር ነው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቴ አሶሳ ሲመድበኝ ለባለቤቴ ወሬውን ያቀረብኩላት በፈረንጅ ወግ ነው። «ሙቀት አለው፣ ማንጎው በሽ ነው፣ ደግሞ ውሃ ዳር ነው» አልኳት።

«ባሕር ዳር የሚባል ከተማ እያለልህ?» አለችኝ።

መልሴ ተዘጋጅቷል። ጣና የሁሉም ሐይቅ ነው፤ ገዳማቱ ከተሠሩ እንኳ ዘመናት አልፈዋል። ንጋት ሐይቅ ግን ገና ካርታ ላይ ቀለሙ አልደረቀም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ግድብ ጀርባ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ተኝቷል። ስፋቱ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በስፋት ጣናን አይደርስበትም፤ በውሃ ብዛት ግን ከእጥፍ በላይ ያስከነዳዋል። ትናንት ፍየል የሚወጣባቸው የኮረብታ ጫፎች ዛሬ ደሴት ሆነዋል። ደሴት ያለው ሐይቅ፣ ዳርቻ ያለው ክልል፣ የበረሃ አበል ያለው ደመወዝ! የትኛው ጀርመን ነው ሞምባሳ ሄዶ የበረሃ አበል የሚከፈለው?

አዲስ አበባ አሶሳ የሚሄድን ሰው የምትሸኘው ካናዳ እንደሚሄድ አድርጋ ነው፤ ልዩነቱ ለካናዳው ጃኬት፣ ለእኔ አጎበር መሰጠቱ ብቻ ነው። «ሀገር ቤት ስትመጣ ደውል» ያለኝ ወዳጄ፣ ቤቱ ሲበራለት ያደረው መብራት ከምሄድበት ክልል እንደሚመጣ አላሰበም። አንዲት አክስቴ ደግሞ ስለ ወባ ስትመክረኝ አምሽታ በመጨረሻ «ቋንቋቸውንስ ትችላለህ?» አለችኝ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው ብላት አላመነችም፤ «አንተን ለማጽናናት ብለው ነው» አለች።

በመኪና በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ መድረስ ይቻል ነበር። መንገዱ በጸጥታ ችግር እየተቆረጠ ስንቱን እንዳጉላላ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ በአውሮፕላን ሄድኩ።

የመጀመሪያው የባሕር ዳርቻ ሰው ያገኘኝ ሻንጣዬን ሳልፈታ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ደላላ ነው። «ጋሼ፣ የሐይቅ እይታ ያለው ቦታ አለኝ!» አለኝ። ቦታው የከተማዋ ጠርዝ ላይ ነው። ቀርከሃ አየሁ፣ ማንጎ አየሁ፣ የታሰረች አህያ አየሁ።

«ሐይቁስ?»

«በዚያ በኩል ነው» ብሎ እጁን ወደ ሰሜን ዘረጋ።

አልዋሸም፣ በዚያ በኩል ነው። ሱዳንም በዚያ በኩል ናት፤ ግብፅም እንደዚያው። በመካከል ግን እነ መንጌና ሸርቆሌ የሚባሉ ወረዳዎች ከነተራራቸው ተኝተዋል። ደግሞ አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ ሐይቁ ጢም ብሎ ሲሞላ 640 ሜትር ላይ ነው። እይታው እንዲታይ ተራራ መብሳት ያስፈልጋል። ይህን ሳስረዳው ደላላው በትዕግሥት ሰማኝና «ለዚህ እኮ ነው ዋጋው የቀነሰው» አለኝ።

ምስኪን፣ ከእጁ ያለውን ማስታወቂያ አያውቅም። ከአሥር ዓመት በፊት አካባቢ ኢትዮጵያ ከቻይና ካስመጣቻቸው ዘጠኝ መርከቦች አንዷ «አሶሳ» ትባላለች። ከሁለቱ አሶሳዎች ባሕር የቀዘፈችው እሷ ናት። ይህን ብነግረው ኖሮ የመርከብ ማቆሚያ ያለው ቦታም ይሸጥልኝ ነበርና ዝም አልኩ።

የተከራየሁት ከአንድ የበርታ ሽማግሌ ግቢ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ማታ ማታ ማንጎው ሥር የጠፍር አልጋ ይወጣል፣ ዝንጅብል የገባበት ቡና ይቀርባል፣ ወሬው ከአማርኛ ወደ በርታኛ፣ ከበርታኛ ወደ ዓረብኛ እየተሻገረ ይሄዳል። ማንጎ ሲደርስ ግን ወሬም ይቆማል። አዲስ አበባ በኪሎ ተመዝኖ፣ ተለምኖ የሚሸጠው ማንጎ እዚህ ጣሪያ ላይ ሌሊቱን ሲወድቅ ያድራል፤ መጀመሪያ ሰሞን ሌባ መጣ ብዬ እየተነሳሁ ሐጂን አስቄያለሁ። መብራት የጠፋ ማታ ደግሞ፣ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ ባለበት ክልል በሻማ ቁጭ ብለን እንተያያለን። «ግድቡ የእኛ ነው፣ አምፖሉ የእናንተ» ይሉኛል ሐጂ። የአዲስ አበባን አምፖሎች በሙሉ ወክዬ አቀረቅራለሁ።

አንድ ማታ «ሐጂ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ መጤው እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ቆጠሩልኝ፤ ሌሊቱ አልበቃንም። በ1970ዎቹ ድርቅና ደርግ ተባብረው ከወሎ ያመጧቸው ሰፋሪዎች አሉ። መንደራቸው ስም ለማውጣት ጊዜ ያልነበረው ይመስል በቁጥር ይጠራል፤ አምባ 14 ተወልዳ አምባ 14 የተዳረች ሴት «የት ሀገር ሰው ነሽ?» ሲሏት ቁጥር ትናገራለች። መጡ ይባል እንጂ ብዙዎቹን ማን እሺ አሰኝቷቸው! ሸርቆሌና ባምባሲ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች መጠለያ አላቸው። ኩርሙክ ወርቅ ፍለጋ የመጣ ፈረንጅ አለ። ባለ ላንድክሩዘሩ የእርዳታ ሠራተኛ አለ፤ ከሁላችንም የሚለየው የሚመለስበትን ቀን በእርግጠኝነት ማወቁ ነው።

«እኛስ ዝም ብለን የቀረን መሰለህ?» አሉኝ ሐጂ። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ወጥተው ቤተ መንግሥት ሠርተዋል፤ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ስንት ጊዜ በሸጎሌ ታክሲ ተሳፍሬ አልፌያለሁ! አሶሳ አዲስ አበባ ላይ ሰፈር ካቀናች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ አዲስ አበባ ግን አሶሳ ላይ የምታቀናው ገና በደላላ ነው።

ሐይቁን ያየሁት በጉብኝት ነው። ባሕር ዳርቻ ያለው ጀርመን ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል፤ እኛ ደብዳቤ አጽፈን፣ ተፈትሸን፣ ተቆጥረን ደረስን። ያን ቆላ ለማያውቀው መንገር ከባድ ነው፤ አዲስ አበባ ያፈራሁት ቦርጭ መኪና ውስጥ መቅለጥ የጀመረ መሰለኝ። ሐይቁ ግን ሐይቅ ነው፣ ወሬ አይደለም። ዳር ላይ ያገኘሁት ዓሣ አጥማጅ ከዝዋይ የመጣ ልጅ ነው። እዚያም መጤ! «የአገሬው ሰውስ የት አለ?» ብዬ ስጠይቅ ወደ ላይ አሳየኝ። የጉሙዝ መንደሮች ለውሃው ቦታ ለቀው ወደ ከፍታው ወጥተዋል። ዓባይ ዳር ያርሱና ያጠምዱ የነበሩ፣ ከወንዙ ጋር ሌት ተቀን የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ባሕር ዳርቻ ፍለጋ ከአዲስ አበባ መጣሁ፤ እነሱ ግን ከተቀመጡበት ሳይነሱ ባሕር ዳርቻው ራሱ መጣባቸው። የበረሃ አበልም አልታሰበላቸውም።

የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ባለቤት ይላቸዋል። ባለቤት ከሆኑ ነገ ለሚመጣው ሎጅ ጥበቃና አስተናጋጅ ብቻ ሆነው ሊቀሩ አይገባም። ይህ የኔ አቋም ነው፤ ደላላውም ሰምቶ «ኮሚሽኔን እስካገኘሁ ግድ የለኝም» ብሎኛል።

እናንተም ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ከሆነ እንኳን ደህና መጣችሁ። በማንጎ ወራት ኑ፣ አጎበር ያዙ፣ ሐይቅ ዳር መሬት ከመጠየቃችሁ በፊት መሬቱን ለውሃ የለቀቀውን ሰው ጠይቁ። የዋና ልብሱን ግን እቤት ተዉት። ዓባይ ከጥንት ጀምሮ የአዞና የጉማሬ ወንዝ ነው፤ ግድብ ተመረቀ ብለው ሠፈር አልቀየሩም።