ሥጋ ቤት ገብቶ ሽሮ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የአሜሪካን የኬብል ጣቢያዎች ስም ግን የሽያጭ ክፍሉ ሳያወጣው አልቀረም። መልአክ ቢያወጣውማ ይህን ያህል አይሳሳትም።

በ1984 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን «አሜሪካን ሙቪ ክላሲክስ»ን እንመልከት። በጅማሬው የጥንቱን ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ያውም ያለ ማስታወቂያ፣ ያሳይ ነበር። ቆይቶ ማስታወቂያው ገባ፤ እሱን ተከትለው አዳዲሶቹ ፊልሞች መጡ። በ2002 ረጅሙ ስም ተጣለና «ኤኤምሲ» ብቻ ቀረ። ብልሃት ነው፤ ሥጋ ቤት ገብቶ ሽሮ የቀረበለት ደንበኛ ቢቆጣ «ታፔላው ላይ ሥጋ የሚል የት አለ?» ይሉታል።

የሳይንስ ልቦለድ ጣቢያውስ? በ2006 ነጻ ትግል ማሳየት ጀመረ። ይሉኝታ መቼም አይጠፋምና፣ በመጀመሪያው ምሽት ዞምቢ ነኝ የሚል አንድ ተፋላሚ እየተንገዳገደ ወደ መድረክ ወጣ። በዱላ ተወቅጦ በደቂቃዎች ውስጥ ተሸኘ። የምሽቱ ሳይንስ ይኸው ነበር።

በ1972 ናሳ ጭምር እጁን አስገብቶ ለትምህርት ያቋቋመው ጣቢያም ዛሬ «ቲኤልሲ» ተብሎ የሙሽሮችና የአማቾች ጭቅጭቅ ያስኮመኩማል። እሱም ትምህርት ነው ካላችሁ አልከራከርም።

ብቻ ወዳጆቼ፣ ለጥቅሉ ከመክፈላችሁ በፊት የጣቢያዎቹን ስም ተዉትና የሳምንቱን ፕሮግራም አንብቡ።